እንዲህ ነበረች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ኦገስት 27 ቀን፣ ዓርብ ጧት፣ በሴንት ክሮይ ደሴት ላይ ነፋስ አልነበረም። ከምሥራቅ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ነፋስ ሲቆም የደሴቲቱ ሰው ማዕበል መጣ ብሎ ሰማዩን ማየት ልማዱ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን «ትዕግሥት» በሚባለው የሸንኮራ እርሻ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። የወፍጮው ክንፎች ቆመዋል፤ ከሰው ቁመት ያለፈው ሸንኮራ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ተገትሯል፤ ባሕሩም ከኮረብታው ሥር ቅርብ ሆኖ ሳለ ከሠራተኞቹ መንደር አይታይም ነበር፤ መንደሩን ያሠሩት ጌቶች የጎጆዎቹን በሮች ሁሉ ወደ እርሻው ሹም ቤት አዙረዋቸው ነበርና።

በአራተኛው ጎጆ ውስጥ እህት ማግዳሌና የሥራው ደወል ከመደወሉ በፊት ዐርፋለች። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነበር፤ ሃያውን ዓመት የሞራቪያ ወንድሞች ማኅበር ረዳት ሆና አገልግላለች። ረዳት ማለት በገዛ ወገኖቿ መካከል እየዞረች የምትመክር፣ የምትገሥጽ፣ ወደ ጌታ ማዕድ ማን ይቅረብ ማን ይራቅ ለሚስዮናዊው የምታስታውቅ ማለት ነው፤ ስለዚህ መንደሩ ያከብራት ነበር፤ ሲያያትም መንገድ ይቀይር ነበር።

ሬሳዋን የሚያጥቡት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ ታናሽ እህቷ አፖሎኒያ ናት፤ ባሏን ማርቲኑስን ከአራት ዓመት በፊት ኮሌራ የነጠቃት፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት። ሁለተኛዋ የእርሻውን ሙታን ሁሉ ያጠበችው አሮጊት ቬነስ ናት። የዐሥራ ሁለት ዓመቷን ሬጂናን ውኃ እንድታመጣ ልከዋታል።

«ይኸውልሽ፣» አለች ቬነስ፣ የሟቿን ክንድ በጨርቅ እያበሰች፤ «ማግዳ ሳትቆጣኝ ስነካት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ፋሲካ መቀነትሽ ላልቷል ብላ በሰው ፊት አዋርዳኛለች። እስቲ አሁን ተናገሪኝ፣ የኔ እመቤት።»

አፖሎኒያ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ቬነስ አንሶላውን እስከ ወገብ ገለጠችና በሟቿ ሆድ ላይ ከእምብርት በታች የሚወርዱትን፣ እንደ ዓሣ አጥንት የነጡትን ሰንበሮች አይታ ጨርቁን መልሳ ጣል አደረገችባቸው። ስምንት ልጆች የወለደች ሴት ያንን ምልክት ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም።

«በሩን ዝጊው፣» አለች በዝግታ።

አፖሎኒያ ዘጋችው።

«እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ዓይኔ ደክሟል። ያላየሁትን ነገር አላወራም። ውኃው ሲመጣ ተቀብለሽ አንቺ ስጪኝ፤ ልጅቷ አትግባ።»

ነገሩ የሆነው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሁሉም ገና ባሮች ሳሉ ነው። ማግዳሌና ከአንድ ግንበኛ ፀነሰች፤ ሰውየው ልጁን ሳያይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጀልባ ሰርቆ ወደ ፖርቶ ሪኮ አመለጠ፤ ይድረስ ይስጠም የሚያውቅ የለም። ያለ ጋብቻ የወለደች ሴት ከማዕድ ትታገድ ነበር፤ ረዳትነቷንም ትለቅ ነበር። በዚያው ጊዜ አፖሎኒያም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የእርሷ ልጅ ግን ሳይተነፍስ ተወለደ፤ በማግሥቱም ማግዳሌና ቀሚሷን እያሰፋች እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የደበቀችውን ልጅ ወለደች። አዋላጇ ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልላ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው አሻገረቻትና ጡቷ ሞልቶ በምትጨነቀው በአፖሎኒያ ዕቅፍ ውስጥ አኖረቻት። በጥምቀት መዝገብ ላይ ሬጂና የማርቲኑስና የአፖሎኒያ ልጅ ተብላ ተጻፈች። ያኔ የዋሹት ሚስዮናዊውን ነበር፤ ለጌታው ግን የየትኛዋም ብትሆን ግድ አልነበረውም፤ ሁለቱም የእርሱ ነበሩና። አሁን አዋላጇም ማርቲኑስም ሞተዋል፤ ከዛሬ ጧት ጀምሮ ደግሞ ምስጢሩን ሙሉ በሙሉ የያዘች አፖሎኒያ ብቻ ነበረች፤ ቢያንስ እርሷ እንዲህ መስሏት ነበር።

ረፋዱ ላይ ለቀብሩ ፈቃድ ልትለምን ወደ ሹሙ ቤት ወጣች።

ሹሙ ሚስተር ካልድዌል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላ ነበር። ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም፤ አይጮኽም፤ ማንንም በእጁ አይመታም። ነፃነት ከታወጀ ዐሥር ዓመት ሆኖታል፤ ከነፃነቱ በኋላ የወጣው የሥራ ሕግ ግን ሠራተኛውን ሁሉ በዓመት ውል አስሮታል፤ ውሉ በኦክቶበር አንድ ቀን ይጀምራል፤ መልቀቅ የሚሻ በኦገስት ወር በሁለት ምስክር ፊት ማስታወቅ አለበት፤ ያላስታወቀ ሌላ ዓመት ይቆያል። አፖሎኒያ በወሩ መባቻ አስታውቃለች። ባሲን ከተማ ውስጥ አንዲት የልብስ ሰፊ እርሷንም ሬጂናንም ልትቀበላቸው ቃል ገብታላታለች።

«ማግዳሌና ሞተች አሉኝ፤» አለ ሹሙ። «ጥሩ ሴት ነበረች። ከቀትር በኋላ ሥራ አቁሙ። እኔም እመጣለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ።»

«እና አንቺ እንደቆረጥሽ ነው? ባሲን ምን አለ ብለሽ ነው? ሙቀትና ሰካራም መርከበኛ።»

«ስፌት ልንማር ነው፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ያቺ ልጅሽ ናት ያሳዘነችኝ። ለዚህ ቤት እጇ ቀልጠፍ ያለ ልጅ ፈልጌ ነበር። ምን ይደረጋል፣ ልጅ ከእናቷ ጋር ትሂድ ይላል ሕጉ። እናት የሌላት ብትሆን ኖሮ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቷ እርሻው አሳዳጊዋ ነበር። በይ ሂጂ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ልጃገረዶች ወደዚያ ቤት ገብተዋል። ሲገቡ እጃቸው ቀልጣፋ ነበር፤ እንዴት ሆነው እንደ ወጡ መንደሩ ያውቃል፤ እናቶቻቸው ባሉበት ግን አይነገርም። አፖሎኒያ ደረጃውን ስትወርድ ለቅጽበት ደስ የሚል ነገር ተሰማት፤ ሕጉ ራሱ፣ ያ ሁሉን ያሰረ ሕግ፣ አንድ ጊዜ ለእርሷ አድልቷልና።

ደስታው እስከ ጎጆዋ ድረስም አልዘለቀም። ረዳቱ ወንድም አዶልፉስ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋው በርሜል ሠሪ፣ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር፤ በጉልበቱ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ።

በወንድሞች ማኅበር ማንም ሰው ያለ ሕይወት ታሪኩ አይቀበርም። የት እንደ ተወለደ፣ ከማን እንደ ተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ማንን ወልዶ ማንን እንደ ቀበረ፣ ነፍሱ እንዴት እንደ ኖረች በሬሳው ፊት ይነበባል፤ ካነበቡ በኋላም ሚስዮናዊው የሟቹን የቅርብ ዘመድ ይጠይቃል፤ ዘመዱም ቆሞ «እንዲህ ነበረ» ሲል ታሪኩ በማኅበሩ መዝገብ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አይነካም። ብዙዎቹ እስከ ትናንት በጌቶች ዝርዝር ላይ ከበሬና ከጋሪ መካከል የተጻፉ ሰዎች ነበሩና፣ ይህ ሥርዓት ለእነርሱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሰው ስለ ሕይወቱ ታሪክ እንደ ሠርግ ልብስ አስቀድሞ ያስብ ነበር፤ በዚያ ላይ መዋሸት ደግሞ በመቃብር ላይ እንደ መትፋት ይቆጠር ነበር።

«የማግዳን ቃል ባለፈው እሑድ ጽፌዋለሁ፣» አለ አዶልፉስ። «ደንቡ ነውና ወደ ሚስዮናዊው ወደ ወንድም ሄልቪግ ከመውሰዴ በፊት አንቺ ስሚው።»

አነበበላት። መጀመሪያው የምታውቀው ነበር፤ አባታቸው፣ እናታቸው፣ የ1832ቱ ንዳድ፣ ጥምቀቷ፣ አገልግሎቷ። ከዚያ አዶልፉስ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«‘ልጅ አለችኝ፤ ስሟም ሬጂና ነው። ያሳደገቻት እህቴ አፖሎኒያ ናት፤ የወለድኋት እኔ ነኝ። በዚህ በእኔው ኃጢአት ዘጠኝ ልጃገረዶችን ከማዕድ አሳግጃለሁ፤ እኔ ግን እየቀረብሁ ኖሬአለሁ። ይህ ሲነበብ እነርሱ ይስሙት፤ ልጄም ትስማው፤ ስሟም ከስሜ ጋር ይጠራ።’»

አፖሎኒያ በሩን ተደግፋ ቆመች። «እሑድ ለጸሎት ወጥቼ ሳለሁ ነው፤» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እስክወጣ ጠብቃ።»

«ፈርታሽ ነበር፣ ልጄ። ማግዳ የምትፈራው ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አንቺን ግን ፈራችሽ።»

ማግዳሌና የርኅራኄ ሴት አልነበረችም፤ ሬጂና አንድ ጊዜ ጉልበቷ ተልጦ እያለቀሰች ስትመጣ ወደ እናትሽ ሂጂ ብላ ፊቷን አዙራለች፤ አፖሎኒያ ያን ቀን በልቧ ድንጋይ ብላታለች። አሁን ግን ያንን ፊት መልሳ አየችው፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ ለምን ያን ያህል እንደ ቆየም ገባት።

ከዚያ የሹሙን ቃል ለአዶልፉስ ነገረችው፤ እናት የሌላት ብትሆን እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቷ የእርሻው ናት ማለቱን። ይህ ከተነበበ ሬጂና ከሰዓት በኋላ እናት አልባ ትሆናለች። ሹሙ ከፊት ተቀምጦ ይሰማል። ኦክቶበር ሳይገባ ላይኛው የሹሙ ቤት ናት።

«ለወንድም ሄልቪግ ብቻውን ብንነግረውስ?» አለ አዶልፉስ።

«እሑድ እሑድ ምሳ የሚበላው ከማን ጋር ነው?»

«ከሚስተር ካልድዌል ጋር፤» አለ አዶልፉስ።

«ከኦክቶበር በኋላ ይነበብላት፤» አለች። «ዛሬ ይቅር፣ እኛ ከወጣን በኋላ ይጨመር።»

«አንድ ጊዜ ከተነበበ መዝገቡ ይዘጋል፤ ታውቂያለሽ። ወይ ዛሬ ነው ወይ መቼም አይደለም። ደግሞም እነዚያ ዘጠኙ ልጆች፣ አራቱ ዛሬም እንደ ታገዱ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው። ለእነርሱም ነው የተናገረችው። ለሟች ቃል ሰጥቻለሁ፣ አፖሎኒያ።»

«ለሟች ሰጥተዋል። በሕይወት ላለችው ማን ቃል ይስጣት?»

ሽማግሌው ወደ ሹሙ ቤት ተመለከተ። ከሦስቱ ልጃገረዶች ሁለተኛዋ የእርሱ የልጅ ልጅ ነበረች፤ ባለፈው ዓመት ከሕፃኗ ጋር ተቀብራለች፤ የሕይወቷን ታሪክ የጻፈውም እርሱ ራሱ ነበር፤ የሕፃኗ አባት ማን እንደ ሆነ በሚለው መስመር ላይ ምን እንደ ጻፈ የሚያውቅ እርሱ ነው።

ከኪሱ ሌላ ወረቀትና እርሳስ አወጣ። የመጀመሪያውን ክፍል ቃል በቃል ገለበጠ፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ እርሳሱን አንሥቶ ቆመ።

«ስለ ልጅ ምን ልጻፍ?»

«ያውቁት የለ።»

«አላውቅም። እኔ ከራሴ አልጽፍም። አንቺ በይው፣ እኔ እጽፋለሁ።»

በዚያን ሰዓት ሬጂና ባዶውን ባልዲ ይዛ ከሟቿ ጎጆ በር ተመለሰች፤ ፊቷ በለቅሶ አብጧል፤ አክስቷን ታለቅስ ነበር። አፖሎኒያ ዓይኗን ከልጅቱ ላይ ሳትነቅል፣ «ባል አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም፤» አለች።

አዶልፉስ ጻፈ። የመጀመሪያውን ወረቀት አጥፎ ወደ ደረቱ ሲያስገባ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጣትም።

«ይህን አላቃጥልም። አላነበውምም። እኔ ቃሌን አጠፍሁ፤ አንቺ ደግሞ ቆመሽ ትመሰክሪያለሽ። ከዚህ ሁለታችንም አናመልጥም።»

በዘጠኝ ሰዓት ከሰባት እርሻዎች የመጣው ሕዝብ ነጭ ለብሶ ጸሎት ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ሆኑ፤ ለሚስተር ካልድዌል ከላይኛው ቤት የመጣ ወንበር ከፊት ተቀመጠ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ነበር፤ ግን ነፋስ ስላልነበረ የሰዉ ትንፋሽ ወደ ሰዉ ይመለስ ነበር። ሬጂና በአፖሎኒያ ቀኝ ሆና ቀሚሷን ጨብጣለች።

ወንድም ሄልቪግ ቀጭን፣ ሳል የማይለየው ሽማግሌ ነበር። ረጋ ብሎ አነበበ፤ የማግዳሌናን እናትና አባት ጠራ፤ ጥምቀቷን፣ በኮሌራው ዓመት በሽተኛ ለማስታመም ከጎጆ ጎጆ መዞሯን ጠራ፤ ብዙዎች አለቀሱ። «ባል አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም፤» አለ፤ ወደ ታች ወርዶም ስለ መጨረሻ ሕመሟ አነበበ። ከኋላ ወንበር ካሉት ሴቶች መካከል አንዷ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር አንሾካሾከችላት፤ ጎረቤቷም በእጇ አፏን ሸፈነች። ሬሳዋ ፊት እንኳ ማግዳን አልማሯትም፤ ሊምሯትም ምክንያት አልተሰጣቸውም።

«የቅርብ ዘመዷ ማን ነው?»

አፖሎኒያ ተነሣች። የሬሳ ሣጥኑ አንድ እርምጃ ያህል ከእርሷ ይርቃል። ሹሙ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአክብሮት ያያታል፤ አዶልፉስ መሬት መሬት ያያል፤ ቬነስ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ ዓይኗ ደክሟል ያለችው አሮጊት፣ ሳትርገበገብ ታያታለች። አፖሎኒያ ወደ ሣጥኑ አጎነበሰች። በቀኟ በኩል ቀሚሷን የጨበጠችው እጅ ጠበቅ ሲል ተሰማት፤ ልጅቷ እናቷ ልትወድቅ ነው ብላ ፈርታ ደግፋት ነበር።

«እንዲህ ነበረች፤» አለች አፖሎኒያ።

ማግዳሌናን በማኅበሩ መካነ መቃብር፣ ባል ካላገቡ እህቶች ረድፍ ውስጥ ቀበሯት።

በኦክቶበር አንድ ቀን አፖሎኒያና ሬጂና አንድ ሣጥን በራሳቸው ተሸክመው በሸንኮራው መካከል ወደ ባሲን ሄዱ። ሹሙ የመልቀቂያውን ወረቀት በገዛ እጁ ፈርሞ ሰጣቸው፤ መልካም ዕድልም ተመኘላቸው። በከተማው ውስጥ ሬጂና ስፌት ተማረች፤ ለሹማምንት ሚስቶች ልብስ የምትሰፋ ሆነች፤ አንድ መርከብ ጠጋኝ አግብታ አራት ልጆች ወለደች።

አፖሎኒያ ግን ከ«ትዕግሥት» እርሻ ወጣች ለማለት ያስቸግራል። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈረስ ኮቴ በሰማች ቁጥር ልጅቷን ወደ ጓዳ ታስገባ ነበር። ሬጂና ዐሥራ አምስት ሲሞላት ሕጉ ለቀቃት፤ ያኔ ደግሞ በማኅበሩ ፊት በሬሳ ላይ የሐሰት ምስክርነት የሰጠች ሴት ራሷ ከማዕድ እንደምትታገድ፣ ሬጂናም ከዚያ ወዲያ በእናትነቷ አምና እንደማታያት አሰበችና ዝም አለች። አዶልፉስ በ1871 ሲሞት ያ ወረቀት በማን እጅ ገባ ብላ ስንት ሳምንት እንቅልፍ አጣች፤ መበለቲቱን ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ መንገድ ጀምራ ሦስቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በኦክቶበር 1878 ሠራተኛው በውል ቀኑ ተነሣ፤ ሸንኮራው፣ ወፍጮዎቹ፣ የሹሞቹ ቤቶች ለቀናት ነደዱ፤ «ትዕግሥት» እርሻም ከነውል መዝገቦቹ ዐመድ ሆነ። ብዙ ሰው በጥይት ተረሸነ። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ቀረ። ያን ጊዜ ነው አፖሎኒያ፣ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት ሆና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሬጂና ፊት ለፊት ተቀምጣ ሁሉንም የነገረቻት፤ የአዋላጇን ነገር፣ የሹሙን ቃል፣ የተጻፈውንና የተቀየረውን።

ሬጂና እየሰፋች ሰማች። መርፌው ለአንድ አፍታ እንኳ አልቆመም። አፖሎኒያ ተናግራ ስትጨርስ ልጇ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «እማዬ፣» አለች፤ «ያን ቀን እኔ የቆምኩት የት ነበር?»

«በቀኜ ነበርሽ። ሣጥኑን ልትነኪው ትችዪ ነበር።»

«አለቀስኩ?»

«ከሁሉ በላይ።»

ሬጂና ሌላ ክር መዘዘችና በመርፌው ቀዳዳ አስገባች። «እንግዲያው ከእናቴ ቀብር አልቀረሁም፤» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለዚህ ነገር ተነጋገሩ የሚል ምልክት የለም።

ስለዚያ እሳት ብዙ ተጽፏል፤ የነደዱት እርሻዎች ተቆጥረዋል፤ የተረሸኑትም፣ የታሰሩትም ስማቸው ተመዝግቧል፤ ሕጉም አንቀጽ በአንቀጽ ተጠንቷል። አፖሎኒያ የፈራችውን መዝገብ እሳት በላው፤ በፍርሃት ያስጻፈችው መዝገብ ግን በሚስዮኑ ደረቅ ሣጥን ውስጥ ሳይነካ ተቀመጠ። ማንም ሰው ገጹን ገልጦ የእህት ማግዳሌናን ስም ሊያገኝ ይችላል፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ባል እንዳላገባች፣ ልጅም እንዳልወለደች፣ የቅርብ ዘመዷም ቆማ እንደ መሰከረች ተጽፏል። ከብዙ ገጾች በኋላ ደግሞ የአፖሎኒያ ታሪክ ይገኛል፤ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች ይላል። በሁለቱ መካከል ስርዝ ድልዝ የለም፤ የሚያነበውም ሰው የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም።